ምን ይቀየር፣ ምን ይቆይ? የአንዲት ሴይቼንቶ ታሪክ በጉለሌ

(በዓመታዊው የተመራቂዎች መገናኛ ዕለት የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ደውለው «ዘንድሮ ስለ ሕክምና የሚናገር ሰው በዝቶብናል፤ አንቺ ስለ መኪናሽ አውሪን» ሲሉኝ ሳቄ መጣ። እዚህ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ ያቺን መኪና ታውቋታላችሁ። «አሁንም አልጨረስሻትም?» እያላችሁ ስትቀልዱብኝም አሥራ ስድስት ዓመት ሆናችሁ። መልሱን ዛሬ በይፋ ልስጥ፦ አልጨረስኳትም። ይልቅስ እስካሁን ከእሷ ጋር ስታገል ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

መኪናዋ ፊያት 600 ናት፤ እኛ «ሴይቼንቶ» የምንላት። በዕድሜ ከፍ ያላችሁት የድሮዎቹን ትናንሽ ሰማያዊና ነጭ ታክሲዎች ታስታውሳላችሁ። ለወጣቶቹ ልግለጽላችሁ። ፊያት 600 መጀመሪያ ለሕዝብ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1955 በጄኔቫ የመኪና ትርዒት ላይ ነው። ንድፏን የመራው ዳንቴ ጃኮዛ የሚባል መሐንዲስ ነበር። ርዝመቷ 3 ሜትር ከሩብ ገደማ፣ ክብደቷ 600 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የቤንዚን ታንከሯና ባትሪዋ ደግሞ ከፊት፣ ሌሎች መኪኖች ሞተር በሚያስቀምጡበት ቦታ። የመጀመሪያዎቹ ሞተራቸው 633 ሲሲ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣችው 600 ዲ ወደ 767 ሲሲ አደገች። የኔዋ 600 ዲ ናት፤ የ1963 ስሪት፣ በሮቿ ገና በድሮው ዓይነት ወደ ኋላ የሚከፈቱ።

«ታዲያ ይቺ ምኗ ነው የስፖርት መኪና?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። መልሱ ካርሎ አባርት ነው። ቪየና ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ1949 የራሱን ድርጅት ያቋቋመ ሰው ነው። ይቺን የቤተሰብ መኪና ወስዶ ሞተሯን አሳደገ፣ ማርሚታዋን ቀየረ፣ አፍንጫዋ ላይ የጊንጥ ምልክት ለጠፈባትና ውድድር ውስጥ አስገብቶ ከእሷ የሚተልቁ መኪኖችን አስባረራት። ፊያት አባርት 850 ቲሲ፣ 1000 ቲሲ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። የውድድር ፎቶግራፎቻቸውን ካያችሁ የኋላ ኮፋናቸው በብረት ተደግፎ ክፍት ሆኖ ነው የሚሮጡት፤ ሞተሩ አየር እንዲያገኝ። እንደዚያ ያለ ፎቶ ተማሪ ሳለሁ አይቼ ነው የተለከፍኩት።

የኔዋን የገዛኋት በ2001 ዓ.ም. ነው። አዲሱ ገበያ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ፣ ቆርቆሮ አጥር ሥር ቆማ፣ የኋላ መቀመጫዋ ላይ ዶሮ ዕንቁላል ታቅፎባት ነበር። ባለቤቷ የታክሲ ነጂ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ካረፉ ቆይተዋል። ሚስታቸው «ስድስት ልጅ ያሳደገች መኪና ናት፤ ለብረት ገዢ አልሰጣትም» ብለው ዓመታት አስቀምጠዋታል። «ታስነሻታለሽ?» አሉኝ። «እሞክራለሁ እማማ» አልኳቸው። ሊብሬዋ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከሣጥን ወጣ። የገዛሁበትን ዋጋ አልናገርም፤ ባለቤቴ ከፊት ወንበር ተቀምጧል።

ጎትተን የወሰድናት ከሽሮ ሜዳ ብዙም ወደማይርቅ ጋራዥ ነው። የጋራዡን ባለቤት ጋሼ ነው የምላቸው። ስማቸው በጽሑፍ እንዲወጣ አይፈልጉምና እዚህም ጋሼ ብቻ ይሁኑ። እሳቸው ደግሞ «ዶክተርዬ» ይሉኛል። በመጀመሪያው ቀን ኮፋኗን ከፍተው ብዙ ዝም ብለው አዩና «ዶክተርዬ፣ ይቺን ልጅ ብዙ እጅ ነክቷታል» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። እንደ አዲስ ታካሚ ታሪኳን ከጫፍ እስከ ጫፍ ወሰድን። ወለሏ በልቶት ስለነበር የተበየደላት ላሜራ የዘይት በርሜል ነው፤ ከሥር ሆናችሁ ስታዩት የበርሜሉ ቀለም አሁንም አለ። የመስኮት ማዞሪያዋ ከላዳ የተነቀለ ነው። የመቀመጫዋ ልብስ ሦስት ጊዜ ተደራርቦ ተሰፍቷል። ሞተሩን የሚሸከመው ብረት ተሰብሮ ኖሮ፣ አንድ ቀጥቃጭ ከወፍራም ብረት አዲስ ሠርቶላታል፤ የመዶሻው ምት አንድ በአንድ ይቆጠራል። ጋሼ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱትና «ይሄ የቀጨኔ እጅ ነው» አሉ። ከቱሪን የመጣ መኪና፣ ቀጨኔ በተቀጠቀጠ ብረት ላይ ሞተሩን አሳርፎ ስንት ዓመት ሰው አመላልሷል!

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ መጣ። መኪና ማደስ ሲባል ሰው ሁሉ «እንደነበረች መመለስ» ይላል። የትኛው «ነበረች»? ከፋብሪካ በወጣችበት ቀን ነው? ወይስ ከጊዮርጊስ እስከ ሽሮ ሜዳ ሰው ስትጭን በነበረችበት ዘመን? ወይስ ዶሮዋ ባቀፈችባት ጊዜ?

ጥያቄው የፍልስፍና ብቻ ቢሆን ኖሮ ደስ ባለኝ። ሥራው አራተኛ ዓመቱን ሲይዝ አንድ ከውጭ የመጣ መኪና ሰብሳቢ ወሬዋን ሰምቶ ጋራዡ ድረስ መጣ። «የፋብሪካውን ዕቃ ሁሉ እኔ እልካለሁ። ይሄን የበርሜል ቆርቆሮና የተቀጠቀጠ ብረት አውጥታችሁ ጣሉት። ስትጨርሱ እገዛታለሁ» አለ። የጠራው ዋጋ የዚያን ጊዜ የአምስት ዓመት ደመወዜ ነው። ሁለተኛ ልጄ ገና ተወልዳለች፤ የምንኖረው በኪራይ ነው። ያን ማታ እኔና ባለቤቴ እስከ እኩለ ሌሊት ስንደምርና ስንቀንስ አመሸን።

ለጋሼም ነገርኳቸው። ሽጪም አትሽጪም አላሉኝም። ያንን የቀጨኔ ብረት አንሥተው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡትና «ይሄን የሠራው ሰውዬ የፋብሪካ ናሙና አልነበረውም። የተሰበረውን አይቶ፣ ለምን እንደተሰበረ አስቦ፣ እዚህ ጋ አወፈረው። ከዚያ በኋላ አልተሰበረም» አሉኝ። ብረቱን እያገላበጥኩ አየሁት። አንድ ሰው ምርመራ አድርጎ፣ ምክንያቱን አግኝቶ፣ ሕክምና ሰጥቷል፤ ክትትሉም ውጤቱን አረጋግጧል። ያንን አውጥቼ ልጥለው አልቻልኩም። ሰብሳቢውን አመሰግኜ ሸኘሁት፤ የኪራይ ቤቱም ሌላ አምስት ዓመት ቀጠለ።

በኋላ ሳነብ፣ ዓለም አቀፉ የጥንት ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2012 ያጸደቀው የቱሪን ቻርተር የሚባል ሰነድ እንዳለ አወቅሁ። ሰነዱ መኪና በአገልግሎት ዘመኗ የደረሰባት ለውጥም የታሪኳ ክፍል እንደሆነ ይቀበላል፤ የሚሠራው ሥራ ሁሉ እንዲመዘገብም ይጠይቃል። ጋሼ ያለ ቻርተር ደርሰውበታል።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ደንብ አወጣን። አንደኛ፣ ሕይወት የሚነካ ነገር ይቀየራል። ሁለተኛ፣ የሰው እጅ ያለበትና አሁንም የሚሠራ ነገር ይቆያል። ሦስተኛ፣ የቀየርነው ሁሉ ይመዘገባል፤ አሮጌው ዕቃም ስም ተጽፎበት ይቀመጣል፤ ከእኛ በኋላ የሚመጣ ሰው መመለስ ከፈለገ እንዲችል።

ስለ መጀመሪያው ደንብ ልንገራችሁ። እኔ የምሠራው ድንገተኛ ክፍል ነው። በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ገደማ ሰው በመንገድ አደጋ እንደሚሞትና ከ5 እስከ 29 ዓመት ላሉት ቀዳሚው የሞት ምክንያት ይኸው እንደሆነ የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። ለናንተ ቁጥሩን መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሴይቼንቶ ስትሠራ ፍሬኗ አራቱም ጎማ ላይ ታምቡር ነበር፤ የደህንነት ቀበቶ የላትም። ባለ ሦስት ነጥቡን ቀበቶ ኒልስ ቦህሊን ለቮልቮ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፤ በትንንሽ መኪኖች እስኪለመድ ብዙ ጊዜ ወስዷል። ወደ ኋላ የሚከፈት በር ደግሞ እየተሄደ ከተለቀቀ ነፋሱ ራሱ ነው በርግዶ የሚከፍተው። ፊያትም እ.ኤ.አ. በ1964 በሩን ወደ ፊት አዙሮታል።

ስለዚህ ቀበቶ ይገባል አልኩ። ጋሼ «መልኳን ታበላሺብኛለሽ» አሉኝ። የፊት ፍሬኗም ወደ ዲስክ ይቀየር ስል ኩርፊያ መጣ፤ ሦስት ሳምንት ቡና እንኳ አብረን አልጠጣንም። በመጨረሻ «ጋሼ፣ ልጆቼን ከኋላ አስቀምጬ ነው ከእንጦጦ የምወርደው» አልኳቸው። በማግስቱ ቶርኖ ቤት ሄደው የዲስኩን መያዣ ራሳቸው አስለክተው አሠሩት። ዲስኩ ከጣሊያን በዘመድ ሻንጣ መጣ። ቀበቶው የሚታሰርበት ቦታ ላይ ቀጭኑ ላሜራ ብቻውን ስለማይችል ከጀርባው ወፍራም ብረት አስበየድን። በሮቿ ላይ ሁለተኛ መቆለፊያ ጨመርን። አራቱ ታምቡሮች? ኋለኞቹ ሥራ ላይ ናቸው፤ የፊቶቹ ግሪስ ተቀብተው ሣጥን ውስጥ አሉ።

አሁን ስለ ትንፋሿ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። እዚህ ከተማ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። እኛ ይሄን ስለ ኦክሲጅን ስንማር ነው የምናውቀው፤ መኪናም ግን ያው ናት። ፋብሪካ ላይ 30 ፈረስ ጉልበት አካባቢ የነበራት ሞተር እዚህ ሩቡን ያህል ታጣለች። ካርቡራቶሩ ደግሞ የባሕር ዳርቻ አየር ያገኘ እየመሰለው ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጥቁር ጭስ ይወጣል። በሰሜን ተራሮች አምባራስ ላይ በ3,530 ሜትር የሚኖሩ ወገኖቻችን ሂሞግሎቢናቸው ከባሕር ወለል ሰው ብዙም እንደማይለይ ያሳየውን ጥናት ታስታውሳላችሁ? የሰው ልጅ በብዙ ትውልድ ይለምዳል። መኪናን የሚያለምዳት መካኒክ ነው። ጋሼ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ባለ ቀዳዳ ትንሽ ናስ በጠባብ ቀዳዳ እየቀየሩ፣ ካንዴላ እየፈቱ ቀለሙን እያዩ፣ ሰባት ጊዜ ሞከሩት። በስምንተኛው የካንዴላው አፍ የተቆላ ቡና መስሎ ወጣ። «በቃ፣ አገር ለመደች» አሉ።

ሌላው ሙቀት ነው። ውሃ አዲስ አበባ ላይ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ሞተር ለማቀዝቀዝ ያለን ትርፍ ትንሽ ነው። ራዲያተሯን አስፍተን አሠራን፤ ግፊት የሚይዝ ክዳን ገጠምንላት። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ስንወጣ ግን የአባርትን ዘዴ እንጠቀማለን፤ የኋላ ኮፋኗን በአጭር ብረት ደግፈን ከፍተን እንሄዳለን። መንገደኛው «እመቤት፣ ኮፈንሽ ተከፍቷል!» እያለ ይጮኻል። ባለቤቴ በመስኮት ወጥቶ «ስፖርት ናት!» ይላል።

ከዚህ በላይ የማልቀልድበት አንድ ጉዳይ አለ። የድሮ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ አለበት። በየጋራዡ ታምቡር ሲፈታ አቧራው በአየር መንፊያ፣ ካልሆነም በአፍ ነው የሚራገፈው። በሽታው ደግሞ የሚታየው ከሃያ፣ ከሠላሳ፣ ከአርባ ዓመት በኋላ ስለሆነ ማንም ከአቧራው ጋር አያገናኘውም። ጋሼ ይሄን ሥራ የጀመሩት በአሥራ አራት ዓመታቸው ነው። ሲያስሉ ሰማሁ፤ «ብርድ ነው» አሉኝ። ራጅ አስነሣኋቸው። በራጁ ላይ ያየሁት የእሳቸው ምስጢር ነው፤ አልናገረውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በዚያ ጋራዥ ፍሬን የሚጠረገው በእርጥብ ጨርቅ ነው፤ ጨርቁም በላስቲክ ታስሮ ይወገዳል። ባልደረቦቼ፣ እባካችሁ፣ የሚያስል አዛውንት ፊታችሁ ሲቀመጥ «ሥራዎ ምን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ጋሼ አሁን መዶሻ አያነሡም። ወንበር ላይ ተቀምጠው በጣታቸው ያሳያሉ። አሥራ ስድስት ዓመት እየሠራሁ ያለሁት መኪና ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ግን ዋናው ሥራ ማስታወሻ ደብተሩ ሆኗል። አራት ደብተር ሞልቷል። እንደ ታካሚ ካርድ ቀን፣ ምልክት፣ የተደረገው፣ ውጤቱ ይጻፍበታል። በስተኋላው ደግሞ ቃላት አሉ። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔት፣ ዳዶ፣ ቡሎን፣ ሮንዴላ፣ ፍሬቻ፣ ካቻቪቴ። ጋራዥ ውስጥ የምንናገረው አማርኛ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው።

በዚህም ምክንያት ከቤተሰብ ተቃውሞ ደርሶብኛል። አንዲት አክስቴ «አባቶቻችንን የፈጀ ጣሊያን፣ መኪናውን ግቢ ታስገቢያለሽ?» ብለው ቤቴ ላለመምጣት ምለው ነበር። በቀላሉ የማልፈው ነገር አይደለም። ስድስት ኪሎ ያለው የየካቲት 12 ሐውልት ከሠፈራችን ቅርብ ነው፤ ሁልጊዜ አጠገቡ አልፋለሁ። ለአክስቴ ያልኳቸው ይሄን ነው፦ «ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ወጣ። ይቺ ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይታ፣ አንድ ኢትዮጵያዊ ላቡን ከፍሎ የገዛት ናት። የጣሊያን ናት የምንለው ስድስት ልጅ እስክታሳድግ ነው።» አሁን ይመጣሉ። መኪናዋ ውስጥ ግን አይገቡም፤ እኔም አልጫናቸውም።

ሌላም ጥያቄ አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ ሕግ ዕድሜያቸው በገፋ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ግብር ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ተወሰነ። «ታዲያ ይቺን ለምን ወደ ኤሌክትሪክ አትቀይሪያትም?» ይሉኛል። እኔ ለሥራ የምነዳው የኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ ጸጥ ያለ፣ ጥሩ መኪና ነው። የአየራችን ጉዳይ ያሳስበኛል፤ ሴይቼንቶዋም የምትወጣው በወር ሁለት ጊዜ ነው። ሞተሩ ከወጣ ግን ያ የቀጨኔ ብረት የሚሸከመው ነገር ያጣል። ጋሼ ዘንድ የምትሠራ አንዲት የሽሮ ሜዳ ልጅ አለች። ጠዋት ካርቡራቶር ትፈታለች፣ ማታ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ኮርስ ትማራለች። የሁለቱን ዘመን መሣሪያ አንድ ሣጥን ውስጥ የያዘችው እሷ ናት። አምስተኛውን ደብተር የምትጽፈውም እሷ ናት፤ ጽሕፈቷ ከእኔ ይሻላል። ሐኪም ነኝ፤ ታውቁታላችሁ።

አንድ ነገር ለምኛችሁ ልውረድ። ሁላችንም በየምንሠራበት ሆስፒታል አንድ ጋሼ አለን። ያንን አሮጌ የዕቃ መቀቀያ ማሽን ድምፁን ሰምቶ የሚጠግን፣ መለዋወጫ ሲጠፋ ከሱማሌ ተራ ወይ ከምናለሽ ተራ ፈልጎ የሚያመጣ፣ የመዝገብ ቤቱን አሠራር በቃሉ የሚያውቅ ሰው። ጡረታ ሲወጣ ሰዓት ሰጥተን፣ ፎቶ ተነሥተን እንሸኘዋለን፤ በሳምንቱ ማሽኑ ይቆማል። ዘንድሮ እሱ ሳይወጣ አንድ ደብተር ገዝታችሁ አጠገቡ ተቀመጡ። ምን ቀየርክ፣ ለምን ቀየርክ፣ ምን ተውክ ብላችሁ ጠይቁትና ጻፉ። ለሚቀጥለው ዓመት መገናኛችን ከመካከላችን አሥሩ እንኳ አንድ አንድ ደብተር ይዘው ቢመጡ ማኅበራችን ትልቅ ሥራ ሠራ እላለሁ።

መኪናዋ ግቢው ውስጥ ቆማለች። ማየት ለምትፈልጉ ከምሳ በኋላ ኮፋኗን እከፍታለሁ፤ የቀጨኔው ብረት በግራ በኩል ነው። መንዳት ለምትፈልጉ ደግሞ ቀበቶ መታሰር ግዴታ ነው።